ቀለበት ማጥበቢያ

መኪናዋ የጠፋችው ሰው ሁሉ እያየ ነው። ግቢውን ሁለት ጊዜ እንደ ተቆጣ ንብ እየጮኸች ዞረች፤ የጉሎ ዘይት የሚሸት ጭስ ተፋች፤ ሦስተኛውን ዙር ስትጀምር ድምፅዋ ሰለለ፣ አንዴ አስነጠሳትና ልብስ ማስጫው ሥር ቀጥ አለች። የሚያዝያ ጊዮርጊስን አብሮ ሊውል የመጣው ዘመድና ጎረቤት በሳቅ አውካካ።

ለተኪዳን አልሳቀችም። ሪሞቱን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች ቆመች። ስልሳዎቹን ከጀመረች ሰነባብታለች። ፊት ለፊቷ የቆመችው ነገር ርዝመቷ ከክንድ የማይበልጥ፣ ጎማዋ ግን የትራክተር የሚመስል፣ በባትሪ ሳይሆን በእውነተኛ ነዳጅ የምትሠራ የጭነት መኪና ናት፤ ናይትሮ ይሏታል። ታናሽ ወንድሟ መሓሪ ከዓመታት በፊት ከዱባይ ይዟት መጥቶ፣ ጥቂት ቀን ነድቷት፣ አልነሣ ስትለው ካርቶኗ ውስጥ ቀብሯት ነበር። ከቁም ሣጥን አናት አውርዳ ነፍስ የዘራችባት እሷ ናት።

«አየሽ፣ እትዬ ለተ» አለ መሓሪ የሳቅ እንባውን በሶፍት እየጠረገ። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። «እኔ የምልሽ ይህንኑ ነው። እጅሽ ደክሟል። ድሮ አንቺ የነካሽው ዕቃ ተመልሶ ይበላሽ ነበር? በቃ፣ ያቺን ክፍል እንዝጋት። ዕቃውን ጭነን ሰሚት እኛ ጋ ትመጫለሽ። ፀሐይ የሚገባው ክፍል አዘጋጅተንልሻል።»

ያቺ ክፍል ያላት ከአጥሩ በር አጠገብ ያለችውን፣ አባታቸው ከአክሱም መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ ያነጠሩባትን አንድ መስኮት ያላት ክፍል ነው። ወንድ ልጃቸው ተምሮ ባንክ ገባ፤ ሞረዱና መዶሻው ለሴቷ ቀረ። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጠባብ ቀለበት ማስፋት፣ ሰፊውን ማጥበብ፣ የተበጠሰ ሐብል መበየድ ሲኖርባቸው ወደ ለተኪዳን ይልኩ ነበር። አሁን ሥራው ሳስቷል። ከሰፈሩ ግማሹ ፈርሷል፣ ሱቆቹ ተበትነዋል፣ ሐብሉም አልቆለት ከውጭ በሻንጣ ይገባል። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን መክፈቷን አልተወችም።

መሓሪ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ክፉን ሰው በር ዘግቶ መመለስ ይቻላል። የሚወድ ሰው ግን ትራስ ይዞ ይመጣል። እህቱ አንድ ቀን ብቻዋን ወድቃ እንዳትገኝ ይፈራል። ሰው ሲያረጅ ዘመድ የሚመኝለት ልስላሴን ነው፦ ለስላሳ ወንበር፣ ለስላሳ ምግብ፣ ለስላሳ ቀን። ማንንም የማይጋጭ፣ ማንም የማይጋጨው ሰው እንዲሆን። ይህ ከፍቅር ነው። ግን የሚወድ ሁሉ የሚወደውን ሰው ያውቀዋል ማለት አይደለም።

«እጄን ተወው» አለች ለተኪዳን። «ይቺ መኪና የሞላሁላትን ነዳጅ እስክትጨርስ ሳትጠፋ ብትሄድ ምን ትላለህ?»

«እዚህ ግቢ ውስጥ?»

«ግቢማ ለዶሮ ነው። ከዚህ በር እስከ ምኒልክ አደባባይ፣ ተመልሳም እስከዚህ በር።»

«መንገድ ላይ ብትቆምስ?»

«የሥራ ጠረጴዛዬን ራሴ ተሸክሜ እጭንልሃለሁ። ካልቆመች ግን እኔ እስክሞት ድረስ የዚህችን ክፍል ነገር አታነሣብኝም።»

«ተዋት፣ አፏ ነው» አለ አንድ የሩቅ ዘመድ ከተቀመጠበት።

«አፍማ አይደለም!» ብለው ብድግ አሉ ጋሼ ወልደሥላሴ። የአጥር ጎረቤት ናቸው። ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ አርጅተው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ሁለት ሰው ሲከራከር ካዩ ከዘራቸውን ይዘው መካከል ሳይገቡ አያድሩም። «ይህ በሕዝብ ፊት የተነገረ ቃል ነው። ዋስ ጥሩ! መሓሪ፣ ዋስህ ማነው?»

መሓሪ እየሳቀ ያንኑ ዘመድ ጠራ።

«አንቺስ?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ጋሼ።»

«እኔ ዳኛ ነኝ። ዳኛ ዋስ ሲሆን የት አይተሻል?»

ለተኪዳን ዙሪያዋን ቃኘች። የማይስቅ ሰው አጣች። ከዚያ በጣሪያዎቹ በላይ ብቅ ወዳለው የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት እጇን ዘረጋች።

«እንግዲያው ዋሴ ጊዮርጊስ ነው።»

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ክር ቀረ።

«እትዬ!» አለ መሓሪ እያማተበ። «ቅዱሱን ለአሻንጉሊት?»

«ለአሻንጉሊት አይደለም። ለቤቴ ነው።»

ጋሼ ወልደሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተመዝግቧል» አሉ፣ ምንም ሳይመዘግቡ። «ቀጠሮው ለግንቦት ጊዮርጊስ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ።»

እንግዲህ ለተኪዳን ብትሸነፍ የምታሳፍረው ራሷን ብቻ አልነበረም።

ሰው አንድ ነገር ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው የራሱን እጅ አይደለም። እሷም አቧራውን ጠረጠረች። ዙሪያው በሙሉ ሲፈርስና ሲሠራ የከረመ ሰፈር ነው፤ የመኪናዋ ፊልትሮ የበረሃ አሸዋ ያውቅ እንደሆነ እንጂ የመቶ ዓመት ጭቃ ግድግዳ ዱቄት አያውቅም። ስፖንጅ በድርብ ቆርጣ፣ ዘይት አስጠጥታ አለበሰቻት። ቀጥሎ ብሎኖቹ ነበሩ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አንድ በአንድ እየተፈቱ ይወድቃሉ። ማዕዘኑ ላይ የውበት ዕቃ ወደምትሸጠው ወደ ኢክራ ሱቅ ሄደች።

«የጥፍር ቀለም ስጪኝ። ቶሎ የሚደርቀውን።»

«ውይ እማማ ለተ! ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?»

«ለመኪናዬ ነው።»

«መታደል ነው! እኔን እንኳ የሚቀባኝ ጠፍቶ…» አለች ኢክራ፤ ደማቅ ቀዩን መርጣ ሰጠቻት።

የብሎኑን ጥርስ ቀለም እያስነካች አጠበቀቻቸው፤ ሲደርቅ ያለ ካቻቪቴ አይነቃነቅም። የሪሞቱ ባትሪ ድንገት ቢያልቅ መኪናዋ ነዳጅ እንደተከፈተላት አብዳ ሰው ላይ እንዳትወጣ፣ ከቀጭን ሽቦ ሞላ ጠምዝዛ ካርቡራተሩን ወደ መዘጋት እንዲስብ አደረገች። ቶሎ የሚሰበረውን የጎማዋን የፕላስቲክ ክንድ በነሐስ ለወጠች። የነዳጁን መርፌም በጥቂት በጥቂቱ ዘጋችው። መመሪያው ይህን ያህል ክፈቱ ይላል፤ ግን መመሪያውን የጻፈው ሰው ባሕር ጠረፍ የሚኖር መሆን አለበት። እዚህ ደጋ አናት ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ያን ያህል ነዳጅ ማጠጣት ማነቅ ነው። አምስት ኪሎ ያለ አንድ የሞዴል መኪና ወዳጅ ነዳጁን ቀላቅሎ ይሰጣት ነበርና፣ እሱም የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ «አሁን ጠራ» አላት።

ድምፁ ጠራ። መኪናዋ ተነሣች፣ በረረች፣ ጋለች። ስትግልም ጠፋች።

ካንዴላዋን ቀየረች፤ ጠፋች። የነዳጅ መያዣዋ ክዳን አየር እንዳያስገባ ጎማ ቆርጣ አለበሰች፤ ጠፋች። የጋለውን ሞተር ማስነሻ ገመድ ስትስብ ገመዱ ያለ ምንም ክብደት እጇ ላይ ይመጣል፤ ከባዶ ጉድጓድ ባልዲ እንደ መሳብ።

መሓሪ ደወለ። «ለግንቦት ጊዮርጊስ አይሱዙ ተከራይቻለሁ፣ ሁለት ጫኝም አለ። አንቺ ምንም እንዳትነኪ።»

«የሚጫን ነገር ካገኘህ ምን ከፋኝ፣ ሓወይ» አለችና ዘጋችበት። ወንድሜ የምትለው በትግርኛ ከሆነ ተቆጥታለች ማለት ነው፤ መሓሪም ያውቃል።

አንድ ነገር ግን ነበር። ሞተሩን መጀመሪያ የፈታች ዕለት ያደረገችው፣ ኮርታበት ስለነበር ያልጠረጠረችው። ያኔ ፒስተኑ በነሐሱ ሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግጥም ብሎ ይያዝ ነበር፤ ገፋ ካላደረጉት አያልፍም። አንጥረኛ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። ወርቅ የምትወለውልበትን ቀይ ዱቄት ይዛ፣ ፒስተኑንም ሲሊንደሩንም ያ መነካከስ እስኪጠፋ አሸቻቸው። ከዚያ ወዲህ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ማንም አንጥረኛ ቢያየው እጇን ያመሰግን ነበር።

የበዓሉ ሳምንት ኢክራ የእናቷን ሐብል ይዛ መጣች። መቆለፊያው በራሱ እየተከፈተ መንገድ ላይ ሊጠፋባት ነበር።

ለተኪዳን መነጽሯን አድርጋ አየችው። «ይህን ማነው የነካው?»

«መርካቶ ያለ ሰውዬ። ይቧጭረኛል ብላ እናቴ ሰጥታው፣ አለሰለሰላት።»

«ጅል ነው። መቆለፊያ ይለሰልሳል? ሲገባ እምቢ ማለት አለበት፤ ሲወጣም እምቢ ማለት አለበት። አንገት ላይ የሚያቆየው እምቢታው እኮ ነው! እምቢታውን ከወሰዱበት ምን ቀረው፣ ጌጥ ብቻ—»

አፏ ላይ ቃሉ ቀረ።

«እማማ ለተ? ምነው?»

ለተኪዳን ብድግ አለች። መደርደሪያው ላይ ከቆመችው መኪና ሞተሩን ፈትታ አወጣችና የሞተሩን ዘንግ በጣቶቿ አዞረችው። ፒስተኑ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። የትም ላይ አልተያዘም። የጋለ ብረት እንደሚሰፋ ከሕፃንነቷ ታውቃለች፤ እሳት ላይ ያለ ቀለበት ከጣት ልኩ አልፎ እንደሚሄድ ታውቃለች። ያ ጫፍ ላይ የነበረው ጥበት የተሠራው ለዚህ ነበር፦ ሲሊንደሩ ሲግልና ሲሰፋ፣ ልክ እንዲሆን። እሷ በብርድ ያየችውን ጭንቀት በሽታ መስሏት ፈውሳ ገደለችው።

«ጅሏስ እኔ ነኝ» አለች።

መለዋወጫው እዚህ አገር የለም። ከውጭ ይምጣ ቢባል በዓሉ ቀድሞ ይደርሳል። ለተኪዳን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥቂት ተቀመጠች። አንድ ዕድሜ ሙሉ ስታለሰልስ የኖረች ሴት ናት። የአባቷን ቁጣ አለስልሳለች፣ የደንበኛውን ክርክር አለስልሳለች፣ ወንድ በሞላበት ሙያ ውስጥ ስታልፍ ራሷን ማንም እንዳይነካካት አለስልሳ አልፋለች። ለዚህ ነው መሓሪ ሰሚት ትመጫለሽ ሲላት ደንግጣ ሳይሆን ተቆጥታ የመለሰችው፤ ከዚህ በላይ የሚለሰልስ ነገር አልቀራትም።

ተነሥታ ከጥግ ከባዱን መሣሪያ ጎትታ አወጣች። ቀለበት ማጥበቢያ ነው። ወፍራም የብረት ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ ከላይ ሰፍተው ወደ ታች የሚጠብቡ ጉድጓዶች፣ ከበላዩ ደግሞ የሚጫን ረጅም እጀታ። የሰፋ የጋብቻ ቀለበት ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ እጀታው ይጫናል፣ ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል ተጨምቆ ይጠባል። ሲሊንደሩን ገልብጣ ጫፉን በልኩ ጉድጓድ ላይ አስቀመጠች።

«ሊሰበር አይችልም?» አለች ኢክራ ትንፋሿን ይዛ።

«ይችላል። ውስጡ ክሮም የተቀባ ነው። ክሮሙ ከተሰነጠቀ አለቀልኝ።»

እጀታውን ተደገፈች፤ በኃይል ሳይሆን በክብደቷ። ሲሊንደሩን አወጣች፣ ፒስተኑን ሞከረችው፤ አሁንም ይንሸራተታል። ጥቂት ዞር አድርጋ ደገመች። አወጣች፣ ሞከረች። በሦስተኛው ፒስተኑ ወደ ላይ ወጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ገፋችው፤ አልሄደም። ጥርሷን ነክሳ ስትገፋው ግድ ሆኖበት አለፈ።

ለተኪዳን ሲሊንደሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ክሮሙን መረመረች። አንድም ጭረት የለም።

የግንቦት ጊዮርጊስ ዕለት ከቅዳሴ ስትመለስ አይሱዙው በር ላይ ቆሟል። ጠረጴዛዋ ደግሞ አይሱዙው ላይ ነው። የተቃጠለው ጣውላ፣ ሞርሳው እንደታሰረበት፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ዕርቃኑን የቀረ ሰው ይመስላል።

«ገና ሳልረታ?» አለች።

መሓሪ ዓይኗን ሸሸ። «ጊዜ እንዳናባክን ብዬ ነው፣ እትዬ። እንዲያው…»

መኪናዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጋሼ ወልደሥላሴ ነዳጁ አፍ እስከ አፍ መሞላቱን አዩና በከዘራቸው መሬቱን መቱ። ለተኪዳን ገመዱን ሳበች። ገመዱ ግማሽ መንገድ መጥቶ ግትር አለ። ደግማ ሳበች፤ ግትር።

«ማዘር» አለ አንደኛው ጫኝ፣ ከአይሱዙው ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ሞተሩ እኮ ተጣብቋል። ፋዘር፣ ይፍረዱ በቃ፤ አለቀላት።»

«አልተጣበቀም። እምቢ እያለ ነው» አለች። «ኢክራ፣ ያንን ነገር አምጪልኝ።»

ኢክራ የፀጉር ማድረቂያ በረጅም ገመድ ከሱቋ ይዛ መጣች። ለተኪዳን ሞቃቱን አየር ሞተሩ አናት ላይ ለቀቀችበት።

«ፀጉር ቤት ካስክ ልታስገባት ነው!» አለ ጫኙ፤ ጓደኛው በሳቅ ጣውላው ላይ ተንከባለለ። ለተኪዳን አልቸኮለችም። ብረቱ ለብ ሲል ገመዱን አንዴ ሳበችው።

መኪናዋ እንደ መጋዝ ጮኸች።

ከበሩ ወጡ። መኪናዋ ሰፊው አዲስ የእግረኛ መንገድ ላይ ቀድማ ትሮጣለች፣ ተመልሳ እግራቸው ሥር ትዞራለች፣ እንደገና ትሮጣለች። ከኋላዋ ሪሞት የያዘች ነጠላ ለባሽ፣ ከዘራ የያዙ ዳኛ፣ ክራቫት ያሰረ ባንከኛ፣ ሁለት ጫኞች፣ የፀጉር ማድረቂያ የታቀፈች ኢክራ። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሰው መንገድ እየከፈተ አሳለፋቸው። ሞተሩ ጋለ። በፊት የሚጠፋበት ሙቀት ላይ ደረሰ፤ ለተኪዳን አውራ ጣቷ ላይ ልቧ ሲመታ ተሰማት። አልጠፋም። ድምፁ ይልቅ ተስተካከለ።

አደባባዩ ላይ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ደረቱ ላይ «የሲን» የሚል ስም አለ።

«እናቴ፣ እዚህ ክልክል ነው። ሞተሯን ያጥፏት።»

«ካጠፋኋት ቤቴን አጣለሁ፣ ልጄ» አለች ለተኪዳን፤ መኪናዋንም በዙሪያው ማዞር ጀመረች። ወጣቱ በቆመበት እሷን ለማየት አብሮ ይዞራል።

«ሥርዓት ነው እኮ የምልዎት!»

«ይቺ ማስረጃ ናት!» አሉ ጋሼ ወልደሥላሴ ከዘራቸውን አንሥተው። «ክርክር ያለበት ማስረጃ በፍርድ ሂደት ላይ እያለ አይነካም!»

«የምን ፍርድ ነው፣ ፋዘር? የማን መኪና ናት?»

መኪናዋን የገዛት መሓሪ ነው። የእኔ ናት፣ ያዛት ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ማንም ዋሽቷል አይለውም። ለተኪዳን ዓይኗን ከመኪናዋ አላነሣችም፤ ለመለመን አልዞረችም። መሓሪ መኪናዋን አየ። እሱ እጅ ላይ ይህን ያህል ጊዜ ጮኻ አታውቅም። ያን ድምፅ ለመስማት ነበር ዱባይ ድረስ ሄዶ የገዛት።

«የእህቴ ናት» አለ በመጨረሻ። «እባክህ ወንድሜ፣ ትለፍ። አሁን ትመለሳለች።»

የሲን አንዴ ወደ ሰውየው፣ አንዴ ወደ አሮጊቷ አየ። «በሉ ቶሎ ብላችሁ ከዚህ አዙሯት» አለና ራሱ መንገድ አስለቀቀላት።

በሩ ስትደርስ ነዳጁ ገና አላለቀም። ሰዉ በቃ ሊላት ቢፈልግም ለተኪዳን በቃ አላለችም፤ ቃሏ ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ ነውና፣ አይሱዙውን እያስዞረች፣ በሆዱ ሥር እያሳለፈች፣ ጠረጴዛዋ ከላይ እያያት እስክትደርቅ ነዳቻት። ሞተሩ አንዴ ከፍ ብሎ ጮኸና ቆመ። ጋሼ ወልደሥላሴ ጎንበስ ብለው ክዳኑን ከፈቱ፣ ጣታቸውን ሰደዱ፣ ደረቅ ጣታቸውን ለሕዝቡ አሳዩ።

«ተረትተሃል፣ መሓሪ።»

«አለቃ፣ ይውረድ?» አለ ጫኙ ወደ ጠረጴዛው እያመለከተ።

መሓሪ ይውረድ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«እነሱ አይደሉም» አለች ለተኪዳን። «ሳይፈረድ ያስጫንከው አንተ ነህ። ና፣ በዚያ በኩል ያዝ።»

«እትዬ፣ ወገቤን እኮ…»

«የኔ ወገብ በአሥር ዓመት ይበልጥሃል። ያዝ!»

ክራቫቱን ትከሻው ላይ ወርውሮ ያዘ። በሩ ላይ ጠበባቸው።

«ወደ ጎን አዙረው። ወደ ጎን! ባንክ ቤት በር የለውም እንዴ?»

ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር፣ ወለሉ ላይ እግሮቹ በቆፈሩት ቦታ አስቀመጡት። መሓሪ አንድያዋ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ላቡ በጉንጩ ይወርዳል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ብትወድቂስ?» አላት።

«እወድቃለኋ» አለች ለተኪዳን፣ ሞርሳውን እየፈተሸች። «እዚሁ፣ ከዕቃዬ መካከል እወድቃለሁ። አሁን ተነሣ፤ ወንበሩ የሥራ ነው።»